ቤት ለእምቦሳ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ጋ ስንሄድ ደጃፉ ላይ ቆመን «ቤት ለእምቦሳ!» እንላለን። ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃት ነው። ቤቱ ጥጃ የማይጠፋበት፣ ወተት የማይነጥፍበት፣ ሰው የሚበዛበት ይሁን ለማለት ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለገባ ሰው ሳይቀር እንዲሁ እንላለን። እምቦሳዋ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት እንደምትወጣ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ቁም ነገሩ ጥጃዋ አይደለችማ! ቁም ነገሩ፣ በኛ አገር ቤት የሚመረቀው በግድግዳው ማማር ሳይሆን ደጃፉን አልፎ በሚገባው ነፍስ መሆኑ ነው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን አንድ አርክቴክት ወዳጄ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ ስለመጣ ነው። ለአንድ ሰፈር የሚሠራ አነስተኛ የአእምሮ ጤና አገልግሎት መስጫ ንድፍ እንዲያወጣ ተጠይቆ ኖሯል። «አንተ የሰው ሥራ መተቸት ትወዳለህ፤ እስቲ ደሞ የኔን ተች» አለኝ። ለዚህማ ማን ይለምነኛል! ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሕንፃው ያምራል። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሣር። ኮምፒውተር የሚሥላቸውን ሰዎች መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ሁሉም ሸንቃጣ፣ ሁሉም ቦርሳ ያነገቱ፣ ሁሉም ቀጠሮ የረፈደባቸው ይመስላሉ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ውሻ እየሳበች በበሩ ታልፋለች። በኛ ሰፈር ሰው ውሻ አይስብም፤ ውሻ ነው ሰው የሚያባርረው። እሱን ተውኩት።

«ያምራል» አልኩት። ከልቤ ነው። «ግን እናቴ የት ትቀመጣለች?»

«እናትህ ታመሙ እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

«ኧረ ደህና ናት። እንዲያው ግን፣ የት ትቀመጣለች?»

ግራ ገብቶት አየኝ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ታናሽ ወንድሜ ታመመ። እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ። ሬዲዮው ስሜን እየጠራ ያማኛል ይለን ጀመር። (ይህን የምጽፈው እሱ ራሱ አንብቦ «ጻፈው» ስላለኝ ነው።) ዘመድም ጎረቤትም የመሰለውን መከረ። ጸበልም ወሰድነው። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ወደ ሕክምና ልንወስደው ተስማማን። የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም።

የዚያን ቀን ጠዋት እናቴ ወንድሜን አጠበችው። ፀጉሩን አበጠረችለት፤ የተተኮሰ ሸሚዝ አለበሰችው። «ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው እንዲህ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ሦስት ሌሊት ሙሉ እሱን ስጠብቅ አድሬ፣ ጢሜ አድጎ፣ ዓይኔ ደም ለብሶ፣ ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና የኔን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። «ና በዚህ፣ አትረብሽ» አለኝ።

ወንድሜ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

«አስታማሚ አንድ ብቻ!» ተባለ። እኔ ገባሁ፣ እናቴ ውጭ ቀረች። ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የተደረደረ ረጅም አግዳሚ አለ። ፊት ለፊቱ ሌላ ግድግዳ። መስኮቱ ላይ ብረት፣ ከብረቱ ወዲያ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የካርድ ክፍል። ከዚያ ቀዳዳ የሰው ስም ከነአባቱ፣ አንዳንዴም ከነበሽታው ይጠራል። ውጭ ካፊያው ጀመረ። እናቴ የዘበኛው ቤት ክፈፍ ሥር ልትጠለል ጠጋ ስትል «መተላለፊያ ነው፣ ዞር በሉ እማማ» ተባለች። ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። በብረቱ መሐል ትታየን ነበር። ወንድሜ ብረቱን አየ፤ ዘበኛውን አየ፤ እናታችንን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን መናገር አለብኝ። ያዘዙት መድኃኒትም ሠርቷል። ነገር ግን እሳቸው ጋ ከመድረሳችን በፊት ሕንፃው አነጋግሮን ጨርሶ ነበር።

አዎ፣ ሕንፃ ይናገራል። ይህን የአገሬ ባላገር ከማንም አርክቴክት በፊት ያውቀዋል። የገጠሩን ጎጆ አስታውሱ። እንደገባህ ዙሪያውን የጭቃ መደብ አለ፤ ማን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ለሚመጣው ሰው አስቀድሞ የተሠራ መቀመጫ ነው። ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ይነሳለታል፤ «በእግዜር!» ይላል። አሻፈረኝ ካለ «ግባ በሞቴ!» ይባላል። እንግዳ መቀበል ማለት ይህ ነው፣ ሌላ ሳይንስ የለውም።

ችግሩ ሌላም ቅርስ አለን። እሱ ደጅ ጥናት ይባላል። ጌታው እልፍኝ ውስጥ ናቸው፤ አቤት ባዩ ፀሐይ ላይ ነው፤ በመካከላቸው እልፍኝ አስከልካይ ቆሟል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንሠራ የወረስነው ከጎጆው መደቡን አይደለም፤ ከግቢው አስከልካዩን ነው። ቀበሌው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ አጥሩ መጀመሪያ ይታጠራል፣ የዘበኛው ቤት ቀጥሎ ይሠራል፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ነገር መጨረሻ ላይ ብር ከተረፈ ይታሰብበታል። ለደረሰኝ ጠያቂው ይህ መንገላታት ብቻ ነው። አእምሮው ለታመመ፣ «እያሳደዱኝ ነው፣ ሊያስሩኝ ነው» እያለ ለሚጨነቅ ሰው ግን ምስክርነት ነው። ሕንፃው «ልክ ነህ፣ ሊያስሩህ ነው» ይለዋል።

ቃላችንም ከሕንፃው አይሻልም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስንቱን አክሟል፤ የሳይካትሪ ነርሶችን አሠልጥኖ በየክፍለ ሀገሩ ልኳል። እኛ ምን አደረግን? ስሙን ስድብ አደረግነው። «አንተ ልጅ፣ አማኑኤል ልትገባ ነው እንዴ?» ያላለ ማን አለ? አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። «ከእኛ ጋር» የሚለውን ስም ወስደን «ከእኛ አይደለህም» ለማለት ተጠቀምንበት።

ወደ ወዳጄ ንድፍ ልመለስ። ሂሴን አንድ ሁለት ብዬ ነገርኩት፤ ለናንተም ልድገመው።

መጀመሪያ ሰሌዳው። ከመንገድ ማዶ የሚነበብ፣ ሌሊት የሚበራ «የአእምሮ ሕሙማን» የሚል ጽሑፍ ጣራው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ሰሌዳ ሥር ታክሲ ጠርታ ልትወርድ የምትችል ልጃገረድ ማናት? እጮኛ ያለው ወጣትስ? መምህሩስ፣ ነገ ተማሪው የሚያየው?

ሁለተኛ መስታወቱ። ወዳጄ «ግልጽነት ነው፣ የሚደበቅ ነገር የለም ለማለት ነው» አለኝ። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ነገር ግን መስታወቱ የዞረው ወደ ታክሲ ተራው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ደግሞ ተራ መጠበቂያው ነው። ጉልት የተቀመጡት እናቶች ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብለው እንዲመዘግቡ ካልተፈለገ በስተቀር መስታወቱ ፊቱን ማዞር አለበት፤ ወደ ጓሮው፣ ወደ ዛፉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጥናት አውጥቶ ነበር። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጸረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያያሉ። ዛፍ ያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ለሆድ ዕቃ ይህን ያህል ካደረገ ለተጨነቀ መንፈስማ!

ሦስተኛ ወንበሮቹ። በመደዳ ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ ቴሌቪዥን አፍጥጠዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሮበርት ሶመርና ሁጎ ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን በሚባል ግዛት፣ አሮጊቶች የሚታከሙበት አንድ የሆስፒታል ክፍል ያስተውላሉ። ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ አሮጊቶቹ ቀኑን ሙሉ ዝም። ወንበሮቹን አነሱና በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አስቀመጧቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጨዋታው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መድኃኒት አልተጨመረም፣ ሕንፃ አልፈረሰም። ወንበር ዞረ። በቃ።

አራተኛ ኮሪደሩ። ረጅም፣ ጨለማ፣ ጫፉ ላይ ግድግዳ። የፈራ ሰው መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ማየት ይፈልጋል። ሐኪሙም ይፈልጋል። ማነጋገሪያው ክፍል ውስጥ ሐኪሙ በር ላይ፣ ታማሚው ጥግ ከተቀመጡ ታማሚው ተከበብኩ ይላል። ተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ልቡ አያርፍም። ሁለቱም እኩል ወደ በሩ የሚደርሱበት፣ ሲቻልም ሁለት በር ያለው ክፍል መሥራት ከባድ ሒሳብ አይደለም።

አምስተኛና ዋነኛው፣ አስታማሚው። በንድፉ ውስጥ ለሐኪም፣ ለነርስ፣ ለፋርማሲ፣ ለጄኔሬተር ሳይቀር ክፍል አለ። ለአስታማሚ የለም። በኛ አገር ግን ብቻውን ታሞ ብቻውን የሚታከም ሰው ማን ነው? ምሳውን የሚቋጥረው፣ መድኃኒቱን ቆጥሮ የሚያውጠው፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው፣ «ትናንት ተሽሎት ነበር» ብሎ ለሐኪሙ የሚናገረው አስታማሚው ነው። የሕክምናው እኩሌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካፊያ እየመታው ነው ማለት ነው።

ወዳጄ ዝም ብሎ አልሰማኝም፤ ሁለት ነገር አንስቶ ተከራከረኝ።

«ጸጥታስ?» አለኝ። «የሚረብሽ ሰው ሲመጣስ? ራሱን ሊጎዳ የሚችልስ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከለላ ሁሉ ብረት መምሰል የለበትም። የማይሰበር መስታወት አለ፤ ሰው ራሱን እንዳይጎዳበት ታስቦ የሚሠራ መስኮት፣ እጀታ፣ መስቀያ አለ። ጥሩ አስተናጋጅ ቢላውን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል እንጂ «እንዳትወጋኝ» ብሎ እንግዳውን አይፈትሽም። ዘበኛም ይኑር፣ ግን «ወዴት ነህ?» ሳይሆን «ምን ልርዳዎት?» ማለት የተማረ።

የጣሊያኗን ትሪየስቴን ጠቀስኩለት። ፍራንኮ ባዛሊያ የተባለ ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ1971 የከተማዋን የአእምሮ ሆስፒታል ሲረከብ አጥር የታጠረበት ግቢ ነበር። በ1973 ሕሙማንና አርቲስቶች አንድ ላይ ሆነው ትልቅ ሰማያዊ የእንጨት ፈረስ ሠሩ፤ ማርኮ ካቫሎ አሉት። ይዘውት ወደ ከተማው ሊወጡ ሲሉ በሩ አላሳልፍ አላቸው። ፈረሱን አላሳጠሩትም፤ በሩን ሰበሩት! በ1978 ጣሊያን የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ቀስ በቀስ የሚዘጋ ሕግ አወጣች። በትሪየስቴ በየሰፈሩ ጥቂት አልጋ ያላቸው፣ ሌት ተቀን ክፍት የሆኑ የአእምሮ ጤና ማዕከሎች ተተኩ። እኛ እስካሁን በሩን ትተን ፈረሱን የምናሳጥር ነን።

«እሺ፣ ገንዘቡስ?» አለኝ ወዳጄ። «ትሪየስቴ አውሮፓ ነው።»

በዚህስ አልረታም። ሐራሬ አውሮፓ አይደለም። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የዚምባብዌ ሳይካትሪስት አንዲት ታካሚው ወደ ሆስፒታሉ መምጫ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀረችና ሕይወቷን አጠፋች። ይህ እንቅልፍ ነሳው። ሐኪም ጥቂት ነው፣ ክፍል የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ምባሬ በተባለው ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠለጠነና ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» ተብሎ ነበር፤ ሰው ሸሸው። «የወዳጅነት አግዳሚ» ሲባል መጣ። በ2016 በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የተመከሩት በመደበኛው አገልግሎት ከታዩት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው እንደቀነሰ አሳየ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ጉዳይ መስማትን ከዚምባብዌ መማር ያስፈልገን ነበር እንዴ? የኛ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ምን ሲሠሩ ኖሩ?

እዚህ ላይ ግን ራሴንም መተቸት አለብኝ። «ክፍት ይሁን» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «ሰው እንዳያይ መስታወቱን አዙረው» እላለሁ። አይጋጭም ወይ? ይጋጫል። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወንድሜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ሕክምናን ወደ ተራው ጤና ጣቢያ የሚያወርድ ፕሮግራም ይፋ ሲያደርግ ኢትዮጵያ ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ይዟል። ወንድሜ ዛሬ መድኃኒቱን የሚወስደው ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። የሚገባው ልጇን ልታስከትብ ከመጣች እናት ጋር፣ ሳል ከያዘው ሽማግሌ ጋር በአንድ በር ነው። ማንም ዞሮ አያየውም። ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል። እንግዲህ ተቀባይ በር ማለት «እናንተ በዚህ ግቡ» የሚል ልዩ በር ሳይሆን ሁሉም የሚገባበት በር ነው። ከገቡ በኋላ ምስጢር የሚጠበቅበት ክፍል ይኑር፤ በሩ ግን አንድ ይሁን። ለወዳጄም «ከቻልክ ሕንፃህን ብቻውን አታቁመው፤ ከጤና ጣቢያው ግቢ አስገባው» አልኩት።

ቤት ብቻውን እንደማያድን አውቃለሁ። መድኃኒት ከሌለበት፣ ባለሙያ ከሌለበት፣ የትሪየስቴን ፈረስ ብታቆሙበት ያው ባዶ ቤት ነው። ይሁንና መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦም ሰው በሩን ፈርቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የተመለሰው የት ይሄዳል? ጓዳ ይገባል። በከተማም በገጠርም፣ ጓዳ ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ወይም በገመድ ታስሮ ዓመት የሚቆጥር ሰው ያለበት ቤት አለ። ያሰሩት ጠላቶቹ አይደሉም፤ የሚወዱት፣ የደከማቸው፣ የሚሄዱበት የጠፋቸው ሰዎች ናቸው። የአንድ በር ነገር እስከዚህ ይደርሳል።

ወዳጄ ላፕቶፑን ዘግቶ ሄደ። ተቀየመኝ ብዬ ነበር። በሳምንቱ በስልኬ አዲስ ንድፍ ላከልኝ። ሰሌዳው ከጣራው ወርዷል። መስታወቱ ወደ ጓሮ ዞሯል። በመጀመሪያው ንድፍ ሊቆረጥ የነበረው ትልቅ ዛፍ ተርፏል፤ ከበሩ እልፍ ብሎ በዛፉ ዙሪያ ጣራ ያለው መደብ ተሠርቶ፣ በእጅ ጽሑፍ «የእማማ ቦታ» ተብሎበታል። እውነቱን ልናገር፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ሮጬ ለወንድሜ አሳየሁት።

ወንድሜ ስልኩን አቅርቦ አርቆ እያየ ብዙ ቆየ።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ሽንት ቤቱስ የት ነው?»

ፈለግን። ከመጠበቂያው በሌላኛው ጫፍ፣ ከሠራተኞች ቢሮ ጀርባ ተገኘ።

«መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል» አለኝ ወንድሜ ረጋ ብሎ። «ውኃ ያስጠጣል። ውኃ ደሞ ያስነሳል። ስትመለስ ተራህ አልፏል። እኔ ብሆን ውኃና ሽንት ቤቱን እዚህ አደርገው ነበር» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

እኔ አምስት ነጥብ ዘርዝሬ፣ ፈላስፋ ጠቅሼ፣ አርክቴክት አስለቅሼ ያላየሁትን እሱ በአንድ እይታ አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእነዚያ በሮች የገባው እሱ ነዋ! እስከዚያች ቀን ግን ማንም፣ እኔ ወንድሙ ሳልቀር፣ «ቤቱ እንዴት ቢሆን ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ጣቱ ያረፈበትን ቦታ አክብቤ ለወዳጄ መልሼ ላክሁለት፤ ሥሩ ላይ «ይህ ከባለቤቱ የመጣ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

ያ ቤት ተሠርቶ ያለቀ ቀን እናቴንና ወንድሜን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ «ቤት ለእምቦሳ!» እላለሁ። ከውስጥ ያሉትም «እምቦሳ እሰሩ!» ይበሉን። እምቦሳ ብቻ።